የዋጋ ለቅሶ

አራቱ የቴሌቪዥን አምራቾች ለስብሰባቸው ሽፋን ብለው የፈጠሩት ሟች፣ በሰልስቱ ዕለት ለቅሶው ላይ መጣ።

ተወዳዳሪ ፋብሪካዎች ተነጋግረው ዋጋ እንዳይወስኑ ሕግ ይከለክላል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሆቴሎችን ስለሚከታተል፣ ትልቁ አምራች አቶ ልሳነወርቅ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉ። ለሟቹ ግርማቸው የሚል ስም ወጣለት። ፎቶግራፉ ፍሬሙ ሲገዛ አብሮት የነበረው ነው። አራቱ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡና ማንም ቴሌቪዥን ከአንድ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ተስማሙ። በማግስቱ ጠዋት ዋጋው ጨመረ።

ያላሰቡት ነገር ሰፈሩ ለቅሶ እንደሚደርስ ነው። እድሩ አግዳሚ ወንበርና ንፍሮ አመጣ። ጎረቤታቸው እትዬ የሺመቤት ፎቶግራፉን አይተው ከልባቸው አለቀሱ።

"ምን ዓይነት ገር ፊት ነው!" አሉ።

ግርማቸው ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የመጣው። ጫማውን ደጅ ጠርጎ ገባ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" አለና አቶ ልሳነወርቅ አጠገብ ተቀመጠ።

"ሥራዬ ምን ነበር?" ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

"አላሰብንበትም።"

"ልጆችስ?"

"እሱንም አላሰብንበትም።"

"ዋጋውን ግን አስባችሁበታል።"

"እስከ ሳንቲሙ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ይህን ካሉ በኋላ ፊቱን ማየት አልቻሉም።

ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ መርዕድ የሚባል ወጣት መጣ። ወጉ ነውና ትንሽ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ዘገነ፣ ከዚያ የቅጣቱን ውሳኔ ማንበብ ጀመረ።

"ለቅሶ ላይ! አታፍርም?" አሉት ከአራቱ አንዷ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ።

"ቢሮ ስጠራችሁ ለቅሶ ላይ ነን አላችሁ።"

ቅጣቱ ከዓመት ሽያጫቸው አሥር በመቶ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ በእፎይታ ተነፈሱ።

"ደግ ነው። እሱን አስቀድመን ዋጋው ውስጥ አስገብተነዋል።"

"አውቃለሁ" አለ መርዕድ። "እኔም ትናንት አንድ ገዝቻለሁ።"

ከዚያ ድንኳኑን ዙሪያውን ቃኘ። "ለቅሶው የሐሰት ከሆነ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። ሟቹ የት ተቀበረ?"

"አስከሬኑ ገና ከክፍለ ሀገር አልደረሰም" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ደርሷል" አለ ግርማቸው።

መርዕድ ፎቶግራፉን አየ፣ ሰውየውን አየ። "እንግዲያው ቀብሩ ላይ እገኛለሁ" አለ።

ግርማቸው ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞሮ ጠበቀ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እጥፉ ቅጣት ግን ዋጋው ውስጥ አልገባም። አቶ ልሳነወርቅ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

"ገባኝ" አለ ግርማቸው። ማንንም ማስቸገር አልፈለገም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው በእግሩ ነው። እድርተኞቹ ባዶውን ሳጥን ከፊት ከፊቱ ተሸከሙለት። እትዬ የሺመቤት ክንዱን ይዘው ያለቅሱ ነበር።

"ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበርክ?"

"አልነገሩኝም፣ እማማ።"

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ገብቶ ተጋደመ። ክዳኑን ገጠሙት።

"የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉ ቄሱ።

ይህንንም አላሰቡበትም ነበር። ነገር ግን አራቱም ሳይተያዩ፣ አፋቸውን እኩል ከፍተው፣ በአንድ ድምፅ "ወልደ ገብርኤል" አሉ። የአቶ ልሳነወርቅ የክርስትና ስም ነው። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አያውቀውም ነበር።

ቄሱ ስሙን እየጠሩ ጸለዩ። ሳጥኑ ወረደ። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሲወርድ ክዳኑ ላይ ድምፅ አልተሰማም። አቶ ልሳነወርቅ ከጋቢያቸው ላይ አፈር አራገፉ። ሁለተኛው ሲወርድ አፋቸውን ገጠሙ። አጠገባቸው የቆሙት እትዬ የሺመቤት ለአፈሩ ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።