የገበር ጨርቅ ወፍ

እትዬ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ደስታዋ በዛ፤ ኩርፌን የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። ሰው ዓይኑን ሲያጣ አንገቱን ይደፋል፣ ቢያንስ ቢያንስ የሰው ስፌት ላይ እንከን መፈለጉን ይተዋል ብላ ነበር ያሰበችው። እትዬ ግን ወይ ፍንክች። ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታናሽ እህቷ ኩርፌ የሰፋችውን ሁሉ በጣቶቿ ትዳብሳለች፤ እንከን ያገኘች እንደሆነ ልብሱን ገፋ ታደርግና አንዲት ቃል ትናገራለች፤ «ፍቺው።» ጠዋት ጠዋት ደግሞ የኩርፌን ክንድ ይዛ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። እዚያ ስትደርስ ሌላ ሰው ናት።

«ኩርፌ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ እትዬ ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ በስፌት መኪና ቤት የምታስተዳድር ልጃገረድ፣ ታናሺቱ ገና የወተት ጥርሷ ያልተነቀለ ሕፃን ነበረች፤ በተቆጧት ቁጥር ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ታኮርፋለች። ሕፃኗ ግራኝ ነበረች። እትዬ ደግሞ ግራኝ የሰፋው ክር ወደማይሆን አቅጣጫ ይጋደማል ብላ የልጅቷን ግራ እጅ በልብስ መለኪያ ሜትር ከወንበሩ ጀርባ ጋር ታስር ነበር፣ ቀኟን እስክትለምድ ድረስ። ለመደች። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ የደንበኛ ልብስ የምትሰፋው በቀኟ ነው። በግራዋ የምትሰፋው ማንም የማይዳብሰውን የራሷን የውስጥ ልብስ ብቻ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኩርፌ ይቅር ባለች ነበር። የወደቡ የክሬን ኦፕሬተር ግን አለ። ያኔ የእትዬ ዓይን ገና ደህና ነው፤ ሰውየው በየሳምንቱ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ይዞ ይመጣና ኩርፌ እስክትሰፋለት በሩ ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ያወራል። አንድ ቀን እትዬ ሸሚዙን ከእጇ ወስዳ ክሩን ወደ ብርሃን አነሳችው። ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። «ይኼ ክር አልተበጠሰም፤ በምላጭ ነው የተቆረጠው» አለች። «ልጄ፣ ይቺ ቁልፍ እንኳ አጥብቃ መያዝ አትችል፤ ባል አጥብቃ ትይዛለች ብለህ ነው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወጣ፤ ሸሚዙም ሳይወሰድ ቀረ። ኩርፌ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂሟን ቋጥራ ይዛለች፤ ያን ቋጠሮ ግን ፍቺው ያላት የለም።

እንግዲህ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ እትዬ ጫማዋን ታወልቅና «ምን አለ?» ትላለች።

«ምንም የለም» ትላለች ኩርፌ።

እትዬ አትከፋም። በእግሯ ጣቶች አሸዋውን ትዳብስና «እንዴት የለም፣ ውሃው አሸዋውን ሽንሽን አድርጎታል እኮ። ሽንሽኑ ሁሉ እኩል ነው፣ አንቺ እንዲህ ሸንሽነሽ አታውቂም» ትላለች። አረፋው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ዳንቴል አለበሰኝ ብላ ትስቃለች። ሸርጣን በእግሯ ላይ ከሮጠባት ቀኑን ሙሉ ስለ ሸርጣኑ ታወራለች። የተሰነጠቀ ዛጎል አንስታ ጠርዙን ስትዳብስ እንከን አትፈልግበትም። ይህን ኩርፌ ታያለች። ለተሰነጠቀ ዛጎል ያለ ትዕግሥት ለእሷ እጅጌና አንገትጌ እንደሌለ እያየች ደሟ ይፈላል።

አንድ ጠዋት፣ በዋዜማው አንድ ሙሉ ኮት ከተፈታባት በኋላ፣ እትዬ ድንገት ቆመች። «ምንድን ነው ይኼ የሚርገበገበው?»

ድሮ ጀልባ የሚታሰርበት አንድ አሮጌ የእንጨት ምሰሶ አለ፤ ጫፉ ላይ ባለው ምስማር ነጭ ፌስታል ተሰክቶ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ኩርፌ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «ወፍ ናት። ነጭ ወፍ። ቆማ እያየችን ነው።»

የእትዬ ፊት በራ። ነጠላ ጫማዋን ደረቷ ላይ ይዛ ለፌስታሉ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። «ደህና አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለችው። ኩርፌ ከንፈሯን ነክሳ ዞረች። ከስንት ዘመን በኋላ አንጀቷ ራሰ።

በማግስቱ እትዬ ከቁርሷ ዳቦ ቆርሳ በመሐረብ ቋጥራ መጣች፤ በጣቷ የማይያዝ ነገር አላምንም የምትለዋ ሴት ወፍ በጣት አይያዝም ብላ አመነች። ዳቦውን ምሰሶው ሥር ታስቀምጣለች፣ ሸርጣንና የሰፈር ውሻ ይበሉታል፣ በነጋታው «አየሽ፣ በልታዋለች» ትላለች። አንድ ቀን «ክንፏን ታርገበግባለች እንጂ አትበርም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ሰነፍ ናት።»

«እንዳንቺ ናታ።»

እዚያው አጠገብ ጀልባቸውን ገልብጠው መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች ነገሩ ሲገባቸው ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወርቅ ጥርስ የሚባለው በተለይ ጠዋት አያመልጠውም። «እናቴ፣ ወፍዎ ስትጠብቅዎት ነው ያረፈደችው» ይላታል፣ በትሕትና ቆቡን አንስቶ። «ተባረክ ልጄ» ትለዋለች። ሌሎቹ ፊታቸውን መረቡ ውስጥ ይቀብራሉ። ኩርፌ ዝም ትላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ የክሬን ኦፕሬተሩ ሸሚዝ አለ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ መጣና ፌስታሉን ወሰደው። ጠዋት እትዬ ምሰሶው ሥር ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ምንም። ዳቦውን እንደያዘች ተመለሰች። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ አንገትጌው የተጣመመ ሸሚዝ በእጇ አለፈ፤ ዳብሳው «ይሁን» አለች። «ይሁን» የሚል ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ኩርፌ ሰምታ አታውቅም። ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ቀን ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ግን አልጣማትም። ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጋደም ስትል ተነስታ መቀሷን ያዘች።

ለእህቷ አዝና ነው ወይስ ቀልዱ እንዳያልቅባት? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ፌስታል ሰቅሎ ይገላገል ነበር። ኩርፌ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ከነጭ የገበር ጨርቅ ሁለት ክንፍ ቆረጠች። ቆርጣ መስቀል ሲገባት ደግሞ ጠርዙ ጥሬውን መሆኑ አስጠላት፤ በነፋስ ይተረተራል ብላ ዙሪያውን በእጇ ዘመዘመችው። ቸኩላ ስለነበር፣ ማንም ስላላያት፣ በግራዋ። ሄዳ ምሰሶው ላይ በማይፈታ ቋጠሮ አሰረችው። በነጋታው እትዬ ድምፁን ከሩቅ ሰማችና እርምጃዋ ፈጠነ። «መጣሽልኝ?» አለች። ኩርፌ ወደ ውሃው ዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኩርፌ አልጠበቀችውም። «ወፌ ዛሬ ምን ታደርጋለች?» ስትባል የምትመልሰው እንዲኖራት እውነተኞቹን ወፎች ልብ ብላ ማየት ጀመረች። ማዕበሉ ሲሸሽ በቀጫጭን እግሮቻቸው እየተከተሉት ይሮጣሉ፣ ሲመለስ ተንጫጭተው ይሸሹታል፤ ሳይሰለቻቸው። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው መጀመሪያ እንደ ካውያ ግራጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። እርጥቡ አሸዋ ላይ የረገጡት ቦታ ለቅጽበት ይነጣል። ይህን ሁሉ ስታወራ እትዬ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ «ከዚያስ?» ትላለች። ኩርፌን በሕይወቷ «ከዚያስ?» ያላት ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት እትዬ ስትነሳ ኩርፌ መሐረቡን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

እንዲህ ሳሉ ነው የጤና ጣቢያው አዲሱ የዓይን ሐኪም ሱሪ ሊያሳጥር ሱቅ መጥቶ እትዬን ያያት። «የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» አለ። እትዬ አጨበጨበች። «መጀመሪያ የማየው ወፌን ነው» አለች። ኩርፌ እጇ ላይ የነበረው መርፌ ጣቷን ወጋት። ካወቀች አበቃ፤ ጠዋቱም፣ ክንዷ ላይ የሚያርፈው እጅም፣ «ከዚያስ?» የሚለውም ድምፅ አበቃ።

ሞራው በተገፈፈ ዕለት እትዬ ዓይኗ ተሸፍኖ ጤና ጣቢያ ስታድር፣ ኩርፌ የሱቁን መቀስ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ምሰሶው ሄደች። ቋጠሮው ጨው ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል፤ ወርቅ ጥርስ «ወፏን ልታርጃት ነው?» አለ። ከእፍረቷ የተነሳ ቸኮለች። ጨርቁን ገዝግዛ ቆረጠችና ቦርሳዋ ውስጥ ወትፋ ሄደች። ከምሰሶው ጀርባ፣ ቋጠሮው ሥር፣ ጣት የምታክል ቁራጭ ከነጠርዟ መቅረቷን አላየችም።

በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳ እትዬ መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ፊት ነው። ረጅም ጊዜ አየችው። «አርጅተሻል» አለች፣ ከዚያ «ወደ ባሕሩ።»

ባሕሩን ስታይ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቆማ አየች፤ አረፋውን፣ ሽንሽኑን አሸዋ፣ እየሮጡ የሚሸሹትን ወፎች። «ልክ እንዳልሽው ናቸው» አለች። ኩርፌ በዚህች ቃል ልቧ ሊፈርስ ደረሰ። ምሰሶው ጋ ደረሱ።

«የታለች?»

«ሄዳለች እትዬ። ወፎች ወቅታቸው ሲደርስ ይሄዳሉ።»

«ሳትሰናበተኝ?» እትዬ ምሰሶውን እንደ ወዳጅ ትከሻ ዳበሰችው። እጇ ወደ ጀርባው ዞረና ቆመ። አዲሱን ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ በቁራጯ ጠርዝ ላይ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ። ወርቅ ጥርስ ከጀልባው አጠገብ «እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ወፊቱ ግን አመለጠችዎ» አለ፤ ሳቁ ተነሳ። እትዬ ዓይኗን ገልጣ እያንዳንዳቸውን በተራ አየቻቸው። ሲስቁ የከረሙት ሰዎች መልካቸው ይህን ይመስል ኖሯል።

«በግራሽ ነው የሰፋሽው» አለች፣ በለሆሳስ።

«እትዬ፣ ይቺን የሰፋሁት ስታዝኚ ማየት አላስችል ብሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። የመጀመሪያዋስ?»

ኩርፌ ዓይኗን አሸዋው ላይ ተከለች።

እትዬ ቁራጯን ከቋጠሮው ሥር ቀስ አድርጋ አወጣቻት። ወደ ብርሃን አነሳቻት፤ ያኔ ያን የሸሚዝ ክር እንዳነሳችው። «አዘማዘምሽ ግን እንዴት ያምራል» አለች። «እጅሽ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ኩርፌ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበርና ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ ጨርቋን ዘረጋችላት።

«ፍቺው።»

ኩርፌ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። መቀስ አልያዘችም፤ ጨው ያደረቀውን ክር በጥፍሯ፣ በጥፍሯ ሲያቅታት በጥርሷ ፈታችው። እትዬ አጠገቧ ቆማ ወፎቹን ታይ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መሳቃቸውን ተዉ፤ ወርቅ ጥርስ እንኳ አቀርቅሮ መረቡን ያዘ። የመጨረሻው ክር ሲወጣ እትዬ «በይ፣ ሱቁን ክፈቺ» አለችና ብቻዋን መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ጠዋት የምትወጣው ብቻዋን ነው። ኩርፌ አንዴ ተከትላት ብትወጣ ዞራ «ሱቁን ለማን ትተሽ?» አለቻት። ሌላ ቀን አመሻሽ ላይ ኩርፌ በራሷ ሞከረች፤ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ወርቅ ጥርስ ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ አርገበገበላት። ሁለተኛ አልሄደችም።

እትዬ ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ጉንጯ በነፋስ ቀልቶ፣ ፊቷ ወለል ብሎ ነው። ኩርፌ የስፌት መኪናውን ታቆማለች። ሁልጊዜ አልጠይቅም ትላለች፣ ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

«ዛሬ ምን ነበር፣ እትዬ?»

እትዬ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌዋ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ አሁን ራሷ ታየዋለች፣ ማንንም አትለምንም።

«ምንም የለም» ትላለች።

ኩርፌ መጥረጊያ አምጥታ ከእህቷ እግር ሥር የረገፈውን አሸዋ ትጠርጋለች። ገና እርጥብ ነው።