ኢልሞ ያልዘፈናት ስንኝ

ኢልሞ ለሦስተኛ ጊዜ እዚያችው ስንኝ ላይ ሲደርስ አፉን ዘጋ። ቀድመው የተቀዱት ከበሮና ጊታር ያለ እሱ ሄዱ። ስንኟ ካለፈች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጣዩን አነሣ።

ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ የተቀመጠችው ቱይሬ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«አቁሚው!» አለቻት የድምፅ ባለሙያዋን ካይሱን።

ቱይሬና ኢልሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ድሮ እዚሁ ታምፔሬ ከተማ በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሷ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ ግጥምና ዜማውንም ትደርሳለች፤ እሱ ይዘፍናል፤ ቬዮ ከበሮ ይመታል። ባንዱ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1985 የካቲት ነው። ኦሉ ከተማ ተጫውተው ሲመለሱ ሚኒባሷ በረዶ ላይ ተንሸራታ ከጥድ ዛፍ ጋር ተላተመች። ቱይሬ ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር። ስትነቃ ኢልሞ ግንባሩ እየደማ፣ «እኔ ነበርኩ የምነዳው፤ እንቅልፍ ጣለኝ» ሲል ለፖሊስ ቃሉን ይሰጣል። የቬዮ ግራ እጅ እንዳልነበረ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የከበሮ ዱላ አልጨበጠም። ኢልሞ ተፈረደበት፤ ዘፈኑን ትቶ ራውማ ከተማ ገባና ቤት ቀቢ ሆነ። ቱይሬ ዞር ብላ አላየችውም።

እሷ ግን በስሟ ሦስት አልበም አወጣች። የራሷን ድምፅ ስለማታምነው ሌሎችን ትጋብዛለች፦ ከኩኦፒዮ አንድ አዛውንት አኮርዲዮን ተጫዋች፣ ከስቶክሆልም ጥሩምባ ነፊ፣ ከቱርኩ የመዘምራን ቡድን። እምቢ ያላት የለም። ለአራተኛው አልበም ስለዚያ አደጋ ዘፈን ጻፈች። አራት ዘፋኞች ሞከሩት፤ አንዳቸውም አልሆኑላትም። ዜማው ገና ሲፈጠር በኢልሞ ድምፅ ነበር የመጣላት። በመጨረሻ ዜማውን ብቻ በካሴት ላከችለት። ግጥሙን ያሳየችው ዛሬ ጠዋት ነው። ለምን እንደደበቀችው እሷም ታውቃለች፤ ያቺን ስንኝ ከአፉ ልትሰማት ትፈልግ ነበር። «መሪው በእጄ፣ ዓይኔ ተከድኖ» ትላለች ስንኟ።

ቱይሬ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። «ምነው፣ ጥርስህን ያምሃል?»

«ሌላ ስንኝ ስጪኝ።»

«ሌላ የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም ብዬ አልፋታለሁ።»

«ለዳኛው የተናገርከውን ለማይክሮፎን መናገር አቃተህ?»

ኢልሞ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ በቀስታ አስቀመጠ። «ለዳኛው የዋሸሁት ይበቃኛል» አለ። «አሁን ደግሞ በዜማ አልዋሽም።»

ካይሱ ቀና ብላ ቱይሬን አየቻት። ቱይሬ የመቅረጫ ክፍሉን በር በርግዳ ገባች።

«ምንድን ነው ያልከው?»

«ቬዮን ጠይቂው።»

«ቬዮን በየገናው እጠይቀዋለሁ! አንተ የት ነበርክ?»

«እኔ ላይ አትጩሂብኝ። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው።»

ቬዮ ዩቫስኩላ ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራል። ስልኩን ራሱ አነሣው። ቱይሬ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

«ቬዮ፣ ያኔ ማን ነበር የሚነዳው?»

ከቬዮ ኋላ መጽሐፍ ላይ ማኅተም ሲመታ ይሰማታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ኢልሞ አጠገብሽ ነው?»

«የጠየቅኩህን መልስ።»

«እኔ ነበርኩ» አለ ቬዮ። «ጠጥቼ ነበር። ኢልሞ እጄን ሲያይ፣ ‹አንተስ ቅጣትህን ተቀብለሃል› ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ጎትቶ አወጣኝ።»

«ለእኔስ? ለእኔ እንዴት አትነግረኝም?»

«ሆስፒታል መጥተሽ አለቀስሽልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? ስትመጪ ሁሉ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። አንቺ ግን እሱን መራገም ስትጀምሪ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩን ዘጋችው። አሥራ አንድ ዓመት ስትረግመው የኖረችው ሰው ከግድግዳው ወዲያ ቆሞ ይጠብቃታል።

ስትመለስ ኢልሞ ካፖርቱን ለብሷል።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ቱይሬ ሰዓቷን አየች።

«ባስህ የሚሄደው መቼ ነው?»

«ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።»

«አንዱን ስጠኝ።»

ጥግ ይዛ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግሞ ጻፈች። ጥፋቱን ከኢልሞ አንሥታ በአደባባይ ቬዮ ላይ ልትጥለውም አልፈለገችም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አቀበለችው። «እኔ ከኋላ ተኝቼ፣ ማን ነዳ ብዬ ሳልጠይቅ» ይላል።

ኢልሞ ሁለት ጊዜ አነበበውና መለሰላት። «ይህቺ የእኔ አይደለችም። ራስሽ ዝፈኛት።»

«እኔ ዘፋኝ አይደለሁም።»

«እኔም ቀለም ቀቢ ነኝ። ነይ፣ ግቢ።»

ከአንድ ማይክሮፎን ፊት ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ቱይሬ ከዜማው ቀድማ ገባች፤ ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ ኢልሞ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ክርኗን ነካ አደረጋት፤ በልኩ ገባች። ካይሱ ከመስታወቱ ኋላ አውራ ጣቷን አነሣች። ይቅርታውን ግን ቱይሬ ያወጣችው በኋላ፣ በሩ ላይ ነው፤ ያውም ግማሹን ውጣው።

«እሱን ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ» አለ ኢልሞ፤ ባሱ እንዳያመልጠው በበረዶው ላይ እየተጣደፈ ወረደ።

አልበሙ በመስከረም ወጣ። ኢልሞ አብሯት ለመዞር እምቢ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ራውማ ላይ መድረክ ወጥቶ ያንኑ ዘፈን ዘፈነላት፣ ወዲያው ወደ ቤቱ ሄደ። ቬዮ ዘፈኑን በሬዲዮ ሰምቶ ደወለላት።

«ስሜን አላነሣሽም» አለ።

«ስምህን ራስህ አንሣው» አለችው።

በዚያ ገና ዩቫስኩላ አልሄደችም። ቬዮ ግን በጸደዩ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ባስ ተሳፍሮ ራውማ ወረደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሯትም፤ እሷ ግን በዚህ ጊዜ ጠይቃቸዋለች፣ ሁለቱንም።