ትልልቆቹ ደወሎች የኔ ነበሩ

ዝም ማለት በነበረብን ቦታ ላይ የላቮን ቃጭል ሲያቃጭል ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም እንዳልሰማ ሆንን። በእኛ ከተማ ሰው የሚያሳፍር ነገር ሲያጋጥመው የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው፤ ያን ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ያልታየ ጫማ አልነበረም።

ሐሙስ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት እንሰበሰባለን። ስፖንጅና ጨርቅ ከለበሰው ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተሰልፈን እንቆማለን፤ የነሐስ ደወሎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ ፊታችን ተደርድረዋል። የእጃችን ወዝ ነሐሱን እንዳያጠቁረው ጓንት እናደርጋለን። እያንዳንዳችን የያዝነው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የማንም አይደለም። ተራህ ሲደርስ ትመታለህ፣ ሲበቃ ደወሉን ደረትህ ላይ ለጥፈህ ዝም ታሰኘዋለህ፣ ተራህ ካልሆነ ደግሞ ትተነፍሳለህ እንጂ ሌላ ሥራ የለህም። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው የፊት ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ነው።

ላቮን በቀኝ ጫፍ ቆማ ትንንሾቹን ትይዝ ነበር፤ መዳፍ ውስጥ የሚገቡትን። እኔ በግራ ጫፍ ትልልቆቹን። ስሜ ኦርፋ ነው። ዕድሜዬን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ አንሶላ ሳነሳ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ክንዴን ያየ ወንድ መንገድ ይለቅልኛል። በዚህ አውራጃ ትልልቆቹን ደወሎች በአንድ እጅ የምታነሳ ሴት ከእኔ በቀር የለችም፤ አለች የሚል ካለ ያምጣት። ትምህርት የሚባለውን ገና በልጅነቴ አባቴ ለእርሻው እጅ ሲያጣ ተውኩት። ኖታ አላነብም። ለትልልቆቹ ኖታ ምን ያደርጋል? መምህሩ «አንድ» ሲል እመታለሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

የላቮን እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በጸደይ ነው። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው፤ ስሙ ግን እጇን አላቆመውም። ትንንሾቹ ቃጭሎች ደግሞ ወሬኛ ናቸው። ጣትህ ሲነቃነቅ ይናገራሉ፣ ስታስነጥስ ይናገራሉ።

መምህራችን ጋሬት ልምምዱን አስቆመ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ጥሩ ጆሮ አለው፣ አፍ ግን የለውም።

«ከላይ በኩል…» አለና ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየ። «ከላይ በኩል ትንሽ የተረፈ ድምፅ ያለ ይመስለኛል።»

«የማሞቂያው ቧንቧ ነው» አለ ኤልሮይ፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመው የቀድሞ ትራክተር ሻጭ። «አርጅቷል፣ እንደኛው።»

ሁሉም ሳቀ፤ ለቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቁ። ላቮን እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች።

ከልምምዱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ውስጥ ለእራት ድንች ያመጣሁበትን መጋገሪያዬን ሳጥብ ጋሬት መጥቶ አጠገቤ ተገተረ።

«ወይዘሮ ኦርፋ፣ እርስዎ ጓደኛዋ ነዎት። ለገናው ዝግጅት ትንሽ ማረፍ ብትፈልግ… ቁጭ ብላ ለምሳሌ ገጽ ብትገልጥልን…»

«የማንን ገጽ? ሁላችንም የየራሳችን ወረቀት አለን። በጠረጴዛው ላይ እየሮጠች የአሥራ አንድ ሰው ገጽ ልትገልጥ ነው?»

«እንደው ለክብሯ ብዬ ነው።»

«ለክብሯ ከሆነ ራስህ ንገራት።»

«ሞክሬ ነበር። ስለ በረዶው አውርተን ተለያየን።»

«ጎበዝ!» አልኩት። «በል ያንን ፎጣ አቀብለኝ።»

ላቮንን ወደ ቤቷ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መንዳት ከልክለዋታል። እርሻዎቹን አለፍን። ከዚያ ነገርን ማለባበስ ስለማልችልበት እንዲሁ አፈረጥኩት።

«ቃጭልሽ ያለ ተራው እያቃጨለ ነው።»

«ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ? የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

«እነሱ አይነግሩሽም።»

«አውቃለሁ። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። አንቺ ለሰው አታዝኚም።» ጓንቶቿን አውልቃ መኪናዬ ውስጥ፣ መሪው ፊት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። «መልሺላቸው። ሐሙስ ልትወስጂኝ እንዳትመጪ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ምን እሠራለሁ? ላሞቹ ተሸጡ። ኦርቪል መበለት አድርጎኝ ሞተ። ልጆቼ ርቀው ስልክ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን ብቀር የት ገባች የሚለኝ ሰው ሐሙስ ብቻ ነበር ያለኝ። እንግዲህ እሱንም እጄ ወሰደው።» በሩን ከፍታ ወረደች፤ ደግፊኝ አላለችም፣ እኔም አልደገፍኳትም። ብሞክር በቦርሳዋ ትመታኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያለ እሷ ተለማመድን። የገናው መዝሙር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ባዶ። ደረጃ አለ ብለህ እግርህን ሰንዝረህ እንደምታጣው። ኤልሮይ ክፍተቱን በአፉ ሊሞላ ሞከረና እንደታነቀ ዝይ ጮኸ። ጋሬት በአምፖሉ በኩል ለእግዜር ሊነግር እንደሚፈልግ ሁሉ ቀና አለ፤ ከዚያ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ኮሌጅ ሳለች ደወል የደወለች ሴት እንዳለች ነገረን። «ለጊዜው ነው» አለ። ለጊዜው የሚባል ነገር እኔ አውቃለሁ። ምድር ቤቱን የሚያደርቀውን ማራገቢያም ለጊዜው ብለው ነው ያመጡት፤ ካመጡት በኋላ የተጠመቁት ልጆች ዛሬ አግብተዋል።

ደወሎቹን ወደ ሣጥናቸው ስንመልስ ነው ነገሩ የገባኝ። የኔን ትልቁን ደወል አንስቼ በጠረጴዛው ዙሪያ ተሸክሜው ስዞር፣ ወገቤን ከወንበር ጋር ስጋጭ፣ ድምፅ የለውም። ሁልጊዜም የለውም። ምላሱ ከባድ ነው፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሽቦ ይዞታል። ሆን ብለህ ካልወረወርከው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ለእሱ ምኑ ነው? ዝንብ ናት።

ገባኝና ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደወሎቹ የኔ ነበሩ። ሰው በዚህች ከተማ ኦርፋ ማናት ሲባል፣ ትልልቆቹን የምትይዘዋ ነው የሚባለው። የአጣቢዋ ሴትዮ ከመባል በብዙ ይሻላል።

«የላቮንን ቦታ ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት ጋሬትን። «እሷ የኔን ትይዛለች።»

«እርስዎስ?»

«የሷን።»

ኤልሮይ ሣጥኑን አስቀመጠ። «አንቺ? በእነዚያ እጆችሽ? ዝሆን ክር በመርፌ ሲያስገባ ማለት ነው።»

«አንተ ዝም በል፣ ዝይ።»

«ትንንሾቹ እኮ ፈጣን ናቸው። ኖታ ማንበብ ይፈልጋሉ» አለ ጋሬት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

«ይፈልጉ። እኔም ብዙ ነገር እፈልጋለሁ።»

ደወል ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም፤ ደንብ ነው። ትልቁን በመታጠቢያ ፎጣ ጠቅልዬ አወጣሁት። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ የመኪናውን ቀበቶ አሰርኩለት። ጋሬት ከደጁ ቆሞ አየኝና ጫማውን ማየት ጀመረ። ለአንዴ እንኳ ጠባዩ ጠቀመ።

ላቮን በሩን በሌሊት ልብስ ከፈተች።

«ምንድን ነው የተሸከምሽው? የሞተ ሰው ነው?»

«ያዢው።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ፎጣው ተንቀጠቀጠ፣ እጅጌዋ ተንቀጠቀጠ። ፎጣውን ገፈፍኩት። ደወሉ ጭጭ።

ላቮን ወደ ታች አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አይናገርም።»

«ሰነፍ ነው። ካልመቱት አይናገርም። በይ ምቺው።»

«ይከብዳል።»

«የወተት ባልዲ ይከብዳል ወይስ እሱ? ምነው፣ ላሞችሽ ውኃ ነበር እንዴ የሚታለቡት?»

ነገር ስትነካት እንደምትነሳ አውቃለሁ። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ወረወረችው። ድምፁ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ መደርደሪያው ላይ ሳህኖቹ ተንጫጩ፤ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። እስኪያልቅ ያዘችውና ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ አለቀ። ምንም ትርፍ ነገር የለም።

ተቀመጠች። ፊቷ ግን አልለዘበም። «አዝነሽልኝ ከሆነ ይዘሽው ሂጂ።»

«ራስሽ አይደለሽም ለሰው አታዝኚም ያልሽኝ?»

«አንቺስ ምን ትይዣለሽ?»

«ያንቺን።»

መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ኦርቪልን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም፤ ያሳቃት የኔ ነገር መሆኑ ደስ አላለኝም። «አንቺ! አንድ ከተባለ ሌላ የማታውቂ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ስትጨርሺ አስተምሪኝ።»

አስተማረችኝ። በወረቀቴ ላይ በቀኝ እጄ የሚመታውን በቀይ እርሳስ፣ በግራ የሚመታውን በሰማያዊ ከበበችልኝ። በዚያ እጅ የተሳለ ክብ ድንች ይመስላል፤ ግን ይታያል። እስከ ገና ድረስ በየከሰዓቱ ወጥ ቤቷ ውስጥ በቃጭል ፈንታ ማንኪያ ይዤ ቆምኩ። «አሁን! አሁን አላልኩም! ምን ያስቸኩልሻል፣ ባቡር ያመልጥሻል?» ትለኝ ነበር። ክፉ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ማንኪያውን ወርውሬባታለሁ፤ ሳትኳት።

የገናው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ላቮን በግራ ጫፍ ቆመች፤ ከባዶቹን በማንሳት እንዳትለፋ አንዳንዴ ስፖንጁ ላይ እንዳሉ ጨርቅ በተጠቀለለበት መዶሻ ትመታቸዋለች፣ ረጅም ድምፅ ሲያስፈልግ ግን በሁለት እጇ ታነሳለች። እኔ በቀኝ ጫፍ እነዚያን ወሬኞች ቆንጥጬ ይዣለሁ። ቀዩን መታሁ፣ ሰማያዊውን መታሁ። ወደ ላይ ወጣን፣ ጫፉ ላይ ደረስን፤ ድምፁ ነበረ። እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ጸጥታው መጣ። መዝሙሩ መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይላል፤ ትልቁ ደወል ብቻ አንዴ ይደውላል። ጋሬት እጁን አነሳ፣ በከንፈሩ «አንድ» አለ።

ክንዴ እኔን አልጠየቀኝም። ዕድሜ ልኩን አንድ ሲባል የመታ ክንድ ነው። ያቺን ትንሽ ቃጭል በትልቁ ደወል ጉልበት ወረወርኳት። የላቮን ደወል ከታች ሲያጓራ የኔዋ ከላይ እንደተረገጠች ድመት ጮኸች። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የነበረ ሕፃን ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ።

ደረቴ ላይ ለጠፍኳትና ወደ ፊት አየሁ። ጫማዬን አላየሁም፤ እኔ አላደርገውም። በጠረጴዛው በዚያኛው ጫፍ ላቮን ትልቁን ደወል ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ ይወዛወዛል። በኋላ ጋሬት እንደዚያ ያለ ውብ ነገር ሰምቼ አላውቅም አለ። እኔ አልዋሽም፤ የሚወዛወዝ ድምፅ ነው። እኔ ስይዘው ቀጥ ይል ነበር። ግን ማንም ሌላ ሰው የሚይዘው አይመስለኝም ነበር፣ ያዘችው።

ሲያልቅ ወደ ሣጥኖቹ ተሰበሰብን።

«ሰማችሁ?» አለች ላቮን ጮክ ብላ። «ከላይ በኩል ትንሽ የተረፈ ድምፅ ነበር።»

«የማሞቂያው ቧንቧ ነው» አለ ኤልሮይ።

ሁሉም ሳቀ። ያኛውን ቀን እንደሳቁት አይደለም፤ ይሄኛው ለእኔ የተገባ ሳቅ ነበር። ጋሬት እንኳ ፊት ለፊት እያየኝ ሳቀ።

ከልማዴ ትልቁን ደወል ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ላቮን በጓንቷ መታችኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ። የሰው ደወል አይነካም።»

ደንቡ ነው። እጄን ሰበሰብኩና የኔዎቹን ትንንሾቹን ለማስገባት ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ።