በዱርያኑ ሥር የፈሰሰ ደም

የዱላው ምት ሽማግሌውን ጂምባውን ዱርያን ከተባለው የፍሬ ዛፍ ግንድ ጋር አላተመው፤ የፊት ጥርሶቹም ረገፉ። መቺው የገዛ እኅቱ ልጅ ኡንቶንግ ነበር፣ መሬቱን የሚፈልገው የዘይት ዘንባባ ኩባንያ የጥበቃ አለቃ።

"አጎቴ፣ በፈጠረህ አታስቸግረኝ!" አለ ኡንቶንግ እያለከለከ። "የምስክር ወረቀት የምትሰጠው መርማሪ ስትመጣ 'መሬቱን ወደን ሰጠን' በልና ተገላገል።"

"አባቴ የተቀበረበትን? አንተስ ዱርያን ስትሰርቅ ያደግህበትን?"

ሥራ አስኪያጁ ሱርያዲ ሰዓቱን ተመለከተ። ኩባንያው ደን ጠባቂ ተብሎ እንዲመሰከርለት ያስገደደው ሕግ አልነበረም፤ ባሕር ማዶ ያሉት ደንበኞች ግን የምስክር ወረቀት የሌለውን ዘይት አንነካም ብለዋል፤ ወረቀቱ ደግሞ ባለመሬቱ ወድጄ ሰጠሁ ካላለ አይገኝም።

ጂምባው ደም ተፋ። "ለደን ይህን ያህል እንደምትጨነቁ ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እደበደብላችሁ ነበር።"

"ለደን ማን ተጨነቀ? ለገበያ ነው፣ አንተ ሽማግሌ!" ሱርያዲ ጎኑን በጫማው ረገጠው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

ጂምባው ደሙን አልጠረገም። በጉልበቱ ቆሞ በዛፉ ሥር እንዲንጠባጠብ ተወው። ይህን ሲያይ የኡንቶንግ ዱላ ከእጁ ወደቀ። በመንደራቸው ወግ ደም የነካው መሬት አሳማ ታርዶለት እስኪነጻ አይረገጥም፤ አሳማው የሚታረደውም ደሙን ያፈሰሰው ሰው በሰው ፊት ጮክ ብሎ ሲናዘዝ ነው። ዝም ካለ መሬቱ በልጆቹ ላይ ይበቀለዋል። የኡንቶንግ ሚስት ደግሞ የመውለጃዋ ወር ገብቷል።

መሬቱን ሊመነጥር የቀረበው የቡልዶዘር ሹፌርም ወጉን ያውቃልና ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆንክ? ንዳው እንጂ!" አለው ሱርያዲ።

"ከደፈሩ እርስዎ ይንዱት፣ ጌታዬ።"

በዚህ መሐል የመርማሪዋ መኪና ደረሰ። ሱርያዲ ፊቱን በፈገግታ አለስልሶ ተቀበላት። "ምስኪን፣ ከዛፍ ወድቀው ነው።"

ኡንቶንግ ከመሬቱ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ።

"እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "የአጎቴን ደም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ! 'መሬቴን ወድጄ አልሰጠሁም' ስላለ መታሁት። ጎኑን የሰበረው ይሄ ሰውዬ ነው!"

ሱርያዲ ዘሎ ጉሮሮውን አነቀው። ተያይዘው ጭቃው ላይ ተንከባለሉ፤ የቡልዶዘሩ ሹፌር በስንት ትግል ገላገላቸው። መርማሪዋ የመኪናዋን በር እንደያዘች ቀርታ ሁሉንም አየች።

"የምስክር ወረቀቱን ይርሱት፣ አቶ ሱርያዲ" አለች።

ከዱርያኑ ሥር የጂምባው ድምፅ ተሰማ፦ "ኡንቶንግ! አሳማው የሰባ ይሁን። ጥርሴን አርግፈኸዋልና እኔ መረቁን እጠጣለሁ።"