የሸረፋ እግር ልክ

ይኸው ወር ሆነው፣ ያቺ ሚኒባስ በተነሳች ቁጥር አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ወልቂጤ ጋራዥ ነው የምሠራው። ጓደኛዬ ሸረፋ የእትዬ መሕቡባን ሚኒባስ እስከ ጉንችሬ ይነዳል፤ አምስት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ መሪ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው። ሞተር ሲጮህ አይወድም፣ ማርሹን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። እንዲህ የሚነዳ ሰው ሞተሩ ሳይጮህ ዳገት የሚያወጣ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ፣ የካምሻፍቱ፣ ጊር የታሰረባቸውን የብሎን ቀዳዳዎች በሞረድ አስፍቼ ጊሩን የጥፍር ስፋት ያህል ወደፊት ገፋሁት። ቫልቮቹ ቀደም ብለው ተከፍተው ቀደም ብለው እንዲዘጉ ነው። ከዚያ በኋላ የአገናን ዳገት ምንም ሳትጨነቅ እያንጎራጎረች መውጣት ጀመረች።

ታዲያ አርፌ ተቀመጥኩ? ሻይ ቤት ገብቼ፣ «የሸረፋን እግር በክር ለክቼ ነው ሞተሩን የገጠምኩት፤ ሌላ ሰው ቢረግጣት ታኮርፋለች። ባለፈው እሱ ሲያመው ብቻዋን ክሊኒክ በር ሄዳ ጡሩምባ ነፋች» አልኩ። ሳቁ አለቀ፣ ወሬው ግን ከተማው ውስጥ ቀረ።

በሳምንቱ የእትዬ መሕቡባ የእህት ልጅ ሙንታሲር ከቡታጅራ መጣ። አስፋልት ላይ መብረር የለመደ ነው። ሚኒባሷን አንድ ቀን ወስዶ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠላት። ለዝግታ የተስተካከለ ሞተር እንዲያ ሲያስጮኹት ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ ግን «በድግምት ታስራለች» ብሎ መጣ።

እትዬ መሕቡባ ሸረፋንና ሙንታሲርን አስከትለው ጋራዥ ገቡ።

«ኪዱ፣ መኪናዬን በሸረፋ እግር አስረሃታል አሉ። ለሱ ብቻ የምትታዘዝ ከሆነ የማን ናት?»

«እትዬ፣ ቀልድ ነበር።»

«ክሊኒክ የሄደችውስ?»

«መኪና ብቻዋን ትሄዳለች እንዴ፣ በፈጠረዎት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ መካኒኩ አንተ ነህ።»

«ባትታሰርማ እኔን እምቢ አትለኝም ነበር» አለ ሙንታሲር።

«አንተን እምቢ ያለችህ ጤፍ እንደሚያበራይ በሬ ስለምትረግጣት ነው።»

ሸረፋ እጅጌዬን ሳብ አደረገና «ተወው፣ ኪዱ» አለኝ። ያፈረብኝ መሰለኝ። ጓደኛዬን ሌባ ሊያደርጉት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ፣ ብሎኖቹን አላላሁ፣ ጊሩን ወደኋላ መለስኩት።

«ይዩ፣ እትዬ። ወደዚህ ሲሆን ለዳገትና ለረጋ ሰው፣ ወደዚያ ሲሆን ለሜዳና ለበራሪ። የማንም እግር የለበትም።»

ሙንታሲር ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ አቧራ እያስነሳ፣ እየሳቀ ተመለሰ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተፈታች» አሉ እትዬ መሕቡባ። «ሸረፋ፣ አውፍ በለኝ። ከዛሬ ጀምሮ የእህቴ ልጅ ይይዛታል።»

«አልታሰረችም ነበር እኮ» ብዬ ጮህኩ። «አሁን እኮ ዳገቱን እንደ ድሮው አትወጣም።»

«ዳገት ማን ፈለገ? ከቡታጅራ አዲስ አበባ ነው የሚሠራባት።»

ሲሄዱ ሸረፋ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ሁለት ቀን ዝም ብትል ኖሮ ሙንታሲር ተስፋ ቆርጦ ይመለስ ነበር» አለ። «እትዬም ከኔ ሌላ ማንም አይነዳትም ብለው ያቆዩኝ ነበር።»

«ውሸት ነዋ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ዋሽተህ፣ እውነቱ ዛሬ መጣብህ?»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሹፌር የጎደለው ካለ ሊጠይቅ ወደ መናኸሪያ ወረደ። እኔ የዘይት ጣሳውን በእርግጫ ብዬ ጎረቤት ግቢ ጨመርኩት።