የአቶ መጣሁ ሰዓት

ፎቶ አንሺውን ሰፈርተኛው ሁሉ «አቶ መጣሁ» ይለው ነበር። «መጣሁ» ብሎ ከወጣ ምሳው እራት ሆኖ ይጠብቀዋል። በገዛ ሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራይቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስጠበቀ ጉደኛ ነው። ሚስቱ የአንተ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እያለች ብትመክር ብትዘክር ሰሚ አጣች። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ ጠብቃ የእጅ ሰዓቱን አሥራ አምስት ደቂቃ ወደፊት ገፋችው። ለማንም ትንፍሽ አላለች።

ጦርነት ሲመጣ ያ ዘገምተኛ ሌላ ሰው ሆነ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሱ ካሜራውን ይዞ ይጠጋ ነበር። አዲስ ፊልም ባስገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነሳው የገዛ ሰዓቱን ነው፤ ኋላ «ያኔ አልነበረም» የሚል እንዳይመጣ። ፊልሙን በሚያኖርበት ፖስታ ላይም ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ይጽፋል። እሱ ከዚያ አልተመለሰም፤ አርባ ፖስታ ግን ተመለሰ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሚስቱ የእጅ ጽሑፉን እንድትለይ ፍርድ ቤት ተጠራች። የተከሰሰው አዛዥ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰዎቹ የተረሸኑት እሱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከመንደሩ ከወጣ በኋላ ነው ብሎ ምሏል። የባሏ ፎቶ ግን አዛዡን በዚያው ግቢ፣ ከተሰለፉት ሰዎች ፊት ቆሞ ያሳያል። በዚያው ፊልም መጀመሪያ ላይ የተነሳው ሰዓት አራት ከአርባ ይላል። ጠበቃው ታዲያ ፖስታውን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ የተጻፈበት አራት ከሃያ አምስት ነው። ከራሱ ሰዓት ጋር የማይስማማን ሰው ማን ያምነዋል ብሎ፣ ፎቶዎቹ ከማስረጃነት እንዲሰረዙ ጠየቀ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ በፕሮጀክተር የበራውን የሰዓቱን ፎቶ አየች። ግድግዳው ላይ ጎልቶ የሚታየው የባሏ እጅ ነው፣ ከነጠባሳው። ብትናገር ሰዓቱ ውሸታም መሆኑ አደባባይ ሊወጣ ነው፤ ዝም ብትል ውሸታም ተብሎ የሚቀረው እሱ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ከእሱ ሌላ ምስክር የላቸውም። ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሰዓቱን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። አሥራ አምስት ደቂቃ። እንዳይዘገይብኝ ብዬ ነው እንጂ እሱ ምንም አያውቅም።»

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። አርባውን ፖስታ አስመጥተው እያንዳንዱን ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ይህን ሲያደርጉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሁሉም ላይ በእርሳስ የተጻፈው ከሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያንሳል፤ አንድም የሳተ የለም። ፎቶዎቹ በማስረጃነት እንዲጸኑ አዘዙና መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«ባለቤትዎ ያውቁ ነበር» አሏት ቀስ ብለው።

አዛዡ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አላየችውም። ኩራቱም ልቅሶውም አንድ ላይ መጥቶባት ግድግዳው ላይ ያለውን እጅ ታያለች። ጥይት በሚያፏጭበት ቦታ እንኳ ቆሞ፣ አሥራ አምስት እየቀነሰ እውነተኛውን ጽፏል፤ ሰዓቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ወደኋላ አልመለሰባትም።