የአርቨል ዳቦ

«ማክሰኞ ቤቱን ተናዘዘላት፣ ዓርብ ሞተ» አለ ራልፍ አጠገቡ ላሉት ለቀስተኞች፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። «እኔ ምንም አላልኩም!»

ዲና ከምድጃው ትንንሾቹን የለቅሶ ዳቦዎች እያወጣች ሰማችው። የባሏ አባት፣ የራልፍ አጎት ጆሳያ፣ ጓዳ ውስጥ ተዘርግቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽማግሌውን ሦስት ዓመት ያስታመመችው እሷ ብቻ ናት። በዚህ በሰሜን እንግሊዝ በዌስትሞርላንድ ሸለቆ ደግሞ ስም አንዴ ከጎደፈ ጎረቤት እሳት እንኳ አያበድርም።

ጆሳያ አልጋ ላይ ሳይወድቅ የድንጋይ ካብ ይክብ ነበር፤ ያረጀ ቃል ከሰማ ግን ድንጋዩን ጥሎ፣ እንግዳ እንደሚጠየቅ ሁሉ «የማን ዘር ነህ?» እያለ ቃሉን ይመረምራል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ አብሮ ይስቃል።

ባለፈው መከር ዲናን አልጋው አጠገብ አስቀመጣት።

«አርቨል የምንለው የቀብር ድግስ፣ ስሙ በጀልባ የመጡት የጥንት ሰዎቻችን ቃል ነው። ትርጉሙ ግማሹ ውርስ፣ ግማሹ ቢራ። ወራሽ ለቀብርተኛው ቢራ ካልቀዳ ወራሽ አይባልም። ከዚያ በፊት ግን ሬሳው ይገለጣል፤ ጎረቤት በሰው እጅ አለመሞቱን አይቶ ነው የሚበላው።»

«እርስዎ ደግሞ፣ አባባ! ዛሬ የቀረው ዳቦው ብቻ ነው። ማን ሬሳ ይገልጣል?»

«አንቺ! ቃል ግቢልኝ።»

ለአሮጌው ቃል የሳሳ መስሏት እየሳቀች ቃል ገባችለት። ለካስ የሳሳው ለእሷ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው!

አሁን የዳቦውን ትሪ ይዛ ወደ ለቀስተኞቹ ወጣች።

«ከመብላታችሁ በፊት ግቡና እዩት። አንተም ራልፍ።»

የመንደሩን ሬሳ ሁሉ የምታጥበው አሮጊቷ ቤቲ ቀድማ ገባች። የሸሚዙን ቁልፎች ፈታች፤ አንገቱን አየች፣ ደረቱን ዳሰሰች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«እንኳን ሰው፣ አልጋም አላቆሰለው!» አለች ጮክ ብላ። «ሦስት ዓመት ተኝቶ እንዲህ ያለ ገላ? ምነው እኔንም እንዲህ የሚያስታምም ባገኘሁ!»

ተከትሏት የገባው ራልፍ ፊቱ ቀላ። እንደ አገሩ ወግ፣ ቂም እንደሌለው ለማሳየት፣ መዳፉን የአጎቱ ግንባር ላይ አሳረፈ፤ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ከትሪው ዳቦ አነሳና ባዶ ጽዋውን ለዲና ዘረጋላት።

«በይ ቅጂልኝ፣ የቤቱ ባለቤት።»

ቀዳችለት። ለሁሉም ቀዳች። ሰዉ መብላት ሲጀምር ጓዳ ተመለሰች። ቤቲ የፈታቻቸውን ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈች፤ ኮሌታውን እስከ አገጩ አቀናችለት።

«ይበርደዋል» አለች።